ጎርጠብ እዚህም ይበቅላል፦ ለጥንቸልና ለጊኒ ፒግ ከሜዳ ምን እንልቀም?



ከመካከላችን ጥንቸል ወይም ጊኒ ፒግ የሚያሳድጉ አሉ። አንዱ ሩምሜቱ ተመርቆ ሲሄድ ትቶለት የሄደውን ጥንቸል ወርሷል፤ ሌላዋ ለታናሽ እህቷ ልደት የተገዛው ጊኒ ፒግ ውሎ አድሮ የእሷ ኃላፊነት ሆኖባታል። አገር ቤት ጥንቸል ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲሮጥ የሚታይ፣ ማዕድ ላይም ሳሎን ውስጥም የማይገባ እንስሳ ስለሆነ ወላጆቻችን «ደግሞ ይህን ምን አመጣው?» ማለታቸው አይቀርም። የሆነ ሆኖ ቤት ከገባ ወዲያ መብላት አለበት። በየሳምንቱ ከሱፐርማርኬት የሚገዛው ሰላጣና ፓርስሊ ደግሞ የተማሪን ኪስ ይጎዳል።

ከዶርም በር ወጣ ስንል ግን ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ መሬቱ በነፃ ምግብ የተሞላ ነው። ከዚህ ምግብ በሰላም ለመጠቀም ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ ተክሉን ለይቶ ማወቅና የበቀለበትን ቦታ ማወቅ። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ስለ መጀመሪያው ነው። በእኔ ግምት ግን ከተማ ውስጥ ለሚኖር ሰው ሁለተኛው የባሰ አደጋ አለው፤ ሁለቱንም በየተራ እናያለን። የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ አካባቢ የሚታየውን ይዤ ነው። አብዛኛው ተክል አውሮፓም ካናዳም ስላለ በሌላ ቦታ ያላችሁም ትጠቀሙበታላችሁ።

በመጀመሪያ ሆዳቸው

የጥንቸልና የጊኒ ፒግ ሆድ ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። ቃጫ የበዛበት ሣር ከፊት ሲገባ ከኋላ ያለውን ይገፋዋል፤ መብላት ከቆመ የአንጀቱም እንቅስቃሴ ይቆማል፤ ጋዝ ይሞላል፤ እንስሳው በአንድ ቀን ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከዚህ በላይ ደግሞ ሁለቱም ማስመለስ አይችሉም። ውሻ ያልተስማማውን ተፍቶ ይገላገላል፤ ጥንቸል ግን አንዴ የዋጠውን ዋጠ። ለዚህ ነው «ትንሽ ቀምሶ ይተወዋል» ብሎ መሞከር የማይሠራው።

ከምግባቸው ከአምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ ወይም ሣር መሆን አለበት። በየእንስሳት መደብሩ የሚሸጠው የቲሞቲ ድርቆሽ ለዚህ የታሰበ ነው። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ ሻካራውን ሣር ሲያኝኩ ይሞርዱታል። ከሜዳ የምንለቅመው ቅጠል በዚህ ላይ የሚጨመር ነው፤ ወጡ እንጂ እንጀራው አይደለም።

ጊኒ ፒግ ሌላ ጉዳይም አለው። እንደ እኛ ሁሉ ቫይታሚን ሲን በሰውነቱ መሥራት አይችልም፤ ካላገኘ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል፣ መራመድ ያቅተዋል። በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ10 እስከ 30 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። በፋብሪካው እንክብል መኖ ውስጥ የሚጨመረው ቫይታሚን ሲ ከተመረተ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ብዙው ስለሚጠፋ፣ ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ ትልቅ ከረጢት ላይ መተማመን አይቻልም። አንድ መቶ ግራም የዳንዲላየን ቅጠል ወደ 35 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለው። አንድ እፍኝ ቅጠል እንግዲህ ጥሩ መነሻ ነው፤ የጎደለውን ደግሞ በመቶ ግራም ከ120 ሚሊግራም በላይ የያዘው ቀዩ ትልቅ የፈረንጅ ቃሪያ ይሞላዋል።

ከአገር ቤት የመጣው ዓይን

ብዙዎቻችን፣ ወይም ወላጆቻችን፣ ለከብት ሣር ስናጭድ፣ ጎመን ስንቀጥፍ፣ አረም ስንነቅል ነው ያደግነው። ያ ዓይን እዚህም ያገለግላል። ችግር የሚያመጡት አብረውት የመጡት ሕጎች ናቸው። «እንስሳ የሚጎዳውን ራሱ ያውቃል» የሚለው ከእናቱ ኋላ እየተከተለ ሲግጥ ላደገ እንስሳ ይሠራ ይሆናል፤ ከመደብር የተገዛና በካርቶን ውስጥ ያደገ ጥንቸል ግን የተሰጠውን ይበላል። «ፍየል ከበላው ይበላል» የሚለውም አይሠራም፤ ፍየል የምትመነዥክ እንስሳ ናት፣ ሆዷም ሌላ ነው።

«ወተት ያለው ተክል መርዝ ነው» የሚለው ደግሞ ቁልቋልንና ጦቢያውን ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ሕግ ነበር። እዚህም ሚልክዊድና ስፐርጅ የሚባሉት ባለወተት ተክሎች በእርግጥ መርዛሞች ናቸው። ነገር ግን ከሁሉ ጥሩ የሚባለው ዳንዲላየንም ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል። ስለዚህ አንድን ተክል ከሌላው ለይቶ ከማወቅ ሌላ አቋራጭ የለም።

ስሞችም ያሳስታሉ። በአማርኛ አንዱ ተክል በጎጃም አንድ፣ በሸዋ ሌላ ስም አለው። እንግሊዝኛውም አይሻልም፤ «ሄምሎክ» አንድም ጉዳት የሌለው ትልቅ ዛፍ ነው፣ አንድም ሶቅራጥስን የገደለው መርዛም ተክል ነው። የስልክ መተግበሪያ ሲነግራችሁ ከታች በላቲን የተጻፈውን ስም ተመልከቱ፤ ከዚያ ምልክቶቹን አንድ በአንድ በዓይናችሁ አረጋግጡ። መተግበሪያው ጠቋሚ ነው፤ ቅጠሉን ወደ ጎጆው የሚያስገባው እጅ የእናንተ ነው።

የሚለቀሙት

ከሣር እንጀምር፤ ብዙ ሰው ስለሚረሳው። በእጅ የታጨደ ንጹሕ ሣር ከየትኛውም ቅጠል ይበልጣል። በማሽን የታጨደውን ግን በፍጹም አትስጡ። ማሽኑ ሣሩን ይደቁሰዋል፤ የተደቆሰው ክምር በሰዓታት ውስጥ ይሞቃል፣ ይቦካል። ክምር ሣር ውስጥ እጁን ከትቶ የሚያውቅ ሰው ሙቀቱን ያስታውሳል። ያ መቡካት በሆዳቸው ሲቀጥል ይነፋቸዋል።

ዳንዲላየን በፀደይ ሜዳውን ቢጫ የሚያደርገው ነው። ቅጠሉ ከመሬት በክብ ተነጥፎ ይወጣል፤ ፀጉር የለውም ማለት ይቻላል፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ነው። አበባው የሚቆመው ቅጠልና ቅርንጫፍ በሌለው፣ ውስጡ እንደ ቱቦ ክፍት በሆነ ዘንግ ላይ ነው፤ በአንድ ዘንግ አንድ አበባ። ዘንጉ ቅርንጫፍ ካወጣ ወይም ቅጠል ከተሸከመ ሌላ ተክል ስለሆነ ተዉት። ካልሲየሙ ከፍ ያለ ነው። የጥንቸል አንጀት የሚያስፈልገውን ብቻ ሳይሆን ያገኘውን ካልሲየም ወደ ደም ስለሚያስገባና ትርፉን በሽንት ስለሚያስወጣ፣ የፊኛ አሸዋ ወይም ጠጠር ታሪክ ላለው እንስሳ ቀንሱ።

ጎርጠብን አገር ቤት የማያውቅ ገጠር ያደገ ልጅ የለም። ጠባብ ቅጠል ያለው ፕላንታጎ ላንሲኦላታ፣ ያው አገር ቤት ያለው ራሱ፣ በዚህ አካባቢ በየእግረኛ መንገዱ ዳር ይበቅላል፤ ሰፊ ቅጠል ያለው ዘመዱም አብሮት አለ። ምልክቱ ከታች እስከ ላይ ጎን ለጎን የሚሄዱት ጅማቶች ናቸው። የሰፊውን ቅጠል እግር ቀስ ብላችሁ ስትበጥሱት እንደ ክር የሚጎተት ጅማት ይወጣል። ይህን ሳታዩ አትልቀሙ፤ በጥላ ሥር በአትክልት ቦታ የሚተከለው ሊሊ ኦፍ ዘ ቫሊ የሚባለው ቅጠልም በሩቁ ይመስለዋል፣ እሱ ደግሞ ልብን የሚያቆም መርዝ አለው። ለጀማሪ ከሁሉ በፊት የምመክረው ጎርጠብን ነው፤ ሆድ አያስቸግርም፣ ዓመቱን ብዙ ጊዜ ይገኛል፣ እንስሳቱም ይወዱታል።

ማገጥ፣ ማለትም እዚህ ክሎቨር የሚባለው ባለሦስት ቅጠል፣ ጥሩ ነው ግን በልክ። በክረምት ጠዋት እርጥብ ማገጥ ላይ የተለቀቀ ከብት ሆዱ እንደሚነፋ ገበሬ ያውቃል፤ ለጥንቸልም ያው ነው። ጥቂት ቅጠልና አበባ ከሌላው ጋር ቀላቅሉ። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ካለውና ስትቀምሱት ከጎመዘዘ ኦክሳሊስ እንጂ ማገጥ ስላልሆነ ይቅር። ከሻገተ ደግሞ ማንኛውንም ቅጠል ጣሉ። የማገጥ ዘመድ የሆነው ስዊት ክሎቨር ሲሻግት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ይፈጠርበታል። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ የከብቶችን መድማት ሲያጠኑ ያገኙት ይህን ነው፤ ከእሱ ተነሥቶ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ የአይጥ መርዝ፣ በኋላም የልብ ሕሙማን መድኃኒት ሆነ። የፋርማሲ ተማሪዎች ይህን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ይነግሯችኋል።

ቺክዊድ በፀደይ መጀመሪያ ሌላው ሁሉ ሳይበቅል የሚመጣ ለስላሳ ተክል ነው። አበባው ትንሽ፣ ነጭና የኮከብ ቅርጽ ያለው ሲሆን ዘንጉ ላይ በአንድ ወገን ብቻ መስመር ሠርቶ የሚሄድ ጥቃቅን ፀጉር አለው። ይህ የፀጉር መስመር ዋናው ምልክት ነው። ስካርሌት ፒምፐርኔል የሚባለው መርዛም ተክል አበባ ሳያወጣ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ዘንጉ አራት ማዕዘን ነው፣ የቅጠሉም ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። ወተት ካወጣ ደግሞ ስፐርጅ ነው።

የዱር እንጆሪ ቅጠል፣ እሾሁ ገና ያልጠነከረው ለጋው፣ ሁለቱም ይወዱታል። ሳማም ይሆናል። አገር ቤት ወጥ የምንሠራበት ሳማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ዝርያ ነው፤ የዚህ አገሩ ዘመዱ ሲሆን መለብለቡ ግን አይለይም። በጓንት ቆርጣችሁ በደንብ አድርቁት፤ ከደረቀ አይለበልብም። በክረምት ምንም በማይገኝበት ጊዜ ያልተረጨ የፖም ዛፍ ቅርንጫፍ አድርቆ መስጠት ለጥርሳቸው ይጠቅማል። የኮክ፣ የቼሪና የፕለም ቅርንጫፍ ግን አይሆንም፤ ቅጠላቸው ሲጠወልግ ሳያናይድ ይለቃል።

ከሜዳው ባይሆንም፣ በረንዳ ላይ በሶብላና ድንብላል የተከሉ ሰዎች ቅጠሉን መስጠት ይችላሉ። አጠገቡ ያለውን ጤና አዳም ግን ለቡናችሁ አስቀሩት።

የምናውቃቸው የሚመስሉን መርዞች

በበጋ መጨረሻ በየአጥሩ ሥር ከሰው ቁመት በላይ የሚያድግ፣ ዘንጉ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ጥቁር ፍሬው በዘለላ የሚንጠለጠል ተክል አይታችሁ «እንዶድ!» ያላችሁ ካላችሁ ብዙ አልተሳሳታችሁም። ፖክዊድ የሚባለው ይህ ተክል የእንዶድ የቅርብ ዘመድ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው የቢልሃርዝያን ተሸካሚ የሚገድል መላ ያገኙት በዚሁ የተክል ወገን ነው። ሥሩም፣ ቅጠሉም፣ ፍሬውም መርዝ ነው፤ ከለቀማችሁት ሣር መካከል ትንሽ ቡቃያው እንዳይገባ ተመልከቱ።

አስተናግርም አለ። እዚህ ጂምሰንዊድ ይሉታል፤ ስሙ የመጣው ከዚሁ ከቨርጂኒያ፣ ከጄምስታውን ነው። በ1676 ወታደሮች ቅጠሉን እንደ ጎመን ቀቅለው በልተው 11 ቀን አእምሯቸውን ስተው እንደቆዩ ተጽፏል። የአብሾን ወሬ ሲሰማ ያደገ ሰው አይገርመውም። «ጥንቸል አስተናግር ቢበላ ምንም አይሆንም» የሚል ወሬ ትሰሙ ይሆናል። መነሻው እውነት ነው፤ አንዳንድ ጥንቸሎች አትሮፒንን የሚሰባብር ኤንዛይም በደማቸው አለ። ነገር ግን በዘር የሚወረስ ስለሆነ ሁሉም የላቸውም፣ የእናንተው እንዳለው ወይም እንደሌለው በማየት አይታወቅም።

አውጥን ልጆች ሆነን ፍሬውን በልተናል። ለእንስሳቱ ግን ቅጠሉንም ያልበሰለውን ፍሬም አትስጡ። የቲማቲምና የድንች ቅጠልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ነጭ አበባው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋውን ተክል በሙሉ ደግሞ ተዉት። ከእነዚህ መካከል የሚበላው የዱር ካሮት አለ፤ ሆኖም ዘንጉ ለስላሳና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት መርዛሙ ሄምሎክም ከእነሱ ጋር ነው። አንድ እፍኝ ቅጠል ለማግኘት ብሎ ይህን ለመለየት መሞከር አያዋጣም።

የግቢው ጌጥ ተክሎችም ቀላል አይደሉም። ተስተካክሎ የሚቆረጠው፣ ቅጠሉ እንደ ጥድ ቀጫጭን፣ ፍሬው ቀይ የሆነው ዩው የሚባለው አጥር ጥቂቱ ይገድላል። አዜሊያ፣ ዳፎዲል፣ ቱሊፕና አይቪም መርዞች ናቸው።

ከየት?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንምጣ። ጎርጠቡን በትክክል ለይታችሁ ከተረጨ ሜዳ ብትለቅሙት ምንም አልጠቀማችሁም። የሣር ሜዳ ባለቤቶች የሚጠሉትና በፀረ አረም የሚያጠፉት እኛ የምንፈልጋቸውን ዳንዲላየንን፣ ማገጥንና ጎርጠብን ነው። ቱ ፎር ዲ የሚባለው መድኃኒት የተሠራው ሣሩን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን እንዲገድል ነው። ከተረጨ በኋላ ትንሽ ባንዲራ ወይም ምልክት ይተከላል፤ ግን ከቀናት በኋላ ስለሚነሣ ምልክት አለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ሜዳው ሣር ብቻ ሆኖ አንድ አረም ካልታየበት ተጠራጠሩ፤ ቅጠሉ ተጠማዝሞ የደረቀ አረም ካያችሁ ደግሞ ያለ ጥርጥር ተረጭቷል። ካምፓስ ውስጥ ከሆናችሁ ግቢውን የሚንከባከበው ክፍል የት መቼ እንደሚረጭ መዝገብ ይኖረዋል። ኢሜይል ጻፉላቸው፤ ጥያቄው የሚያሳፍር አይደለም።

ከትልቅ መንገድ ዳር አትልቀሙ። እርሳስ ያለበት ቤንዚን በአሜሪካ መንገዶች ላይ ሙሉ በሙሉ የታገደው በ1996 ነው፤ ከዚያ በፊት ከጭስ ጋር የወረደው እርሳስ አፈር ውስጥ አለ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳ ሥርም እንዲሁ፣ የተላጠው ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ውሻ የሚንሸራሸርበትን ቦታ ለምን እንደማልመክር ማስረዳት አያስፈልግም። ሮክ ክሪክ ፓርክን የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ስለሆነ እዚያ ተክል መቁረጥ በደንብ የተከለከለ ነው። የሚሻለው የምታውቁት ሰው የጓሮ መሬት ነው። መድኃኒት የማይረጩ ዘመድ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሰው ካላችሁ አረማቸውን ልንቀልላችሁ ብትሏቸው እምቢ አይሉም።

ጥንቸል ላላችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር። ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ ግዛቶች በዱር ጥንቸሎች ላይ የተሠራጨ አርኤችዲቪ ቱ የሚባል ገዳይ ቫይረስ አለ፤ ከዚያ ወዲህ በሌሎች ግዛቶችም ታይቷል። በዱር ጥንቸል የተነካካ ሣር ላይ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ በውሃ ማጠብም አስተማማኝ መፍትሔ አይደለም። የሞተ የዱር ጥንቸል ከታየበት አካባቢ ምንም አትልቀሙ፤ ከ2021 ጀምሮ ክትባት ስላለ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ጊኒ ፒግን ይህ በሽታ አይዘውም።

አሰጣጡ

በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ሰጥታችሁ እስከ ማግሥቱ በጠጡን ተመልከቱ። ክብ፣ ደረቅና ብዙ ከሆነ በሚቀጥለው ቀን ጨምሩ፤ ከለሰለሰ ወይም ካነሰ አቁሙ። ከለመዱ በኋላ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት አንድ ኩባያ የተቀላቀለ ቅጠል በቀን ይበቃል። ከሦስት ወር በታች ለሆነ ጥንቸል ግን ገና ነው። የለቀማችሁትን እጠቡ፣ ውሃውን አራግፉ፣ በዚያው ቀን ስጡ። የተረፈውን ማታ ከጎጆው አውጡ።

እንስሳው ለ12 ሰዓት ያህል ካልበላ ወይም በጠጥ ካልጣለ፣ ከተኩራመተ፣ ጥርሱን ካፋጨ ወይም ሆዱ ከተወጠረ ጠዋት ይሻለዋል ብላችሁ አትደሩ። ሁሉም የእንስሳት ሐኪም ጥንቸልና ጊኒ ፒግ አያክምም፤ «ኤግዞቲክ» የሚያክም፣ ሌሊትም የሚሠራ ክሊኒክ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ስልኩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ። መርዝ በልቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ የኤ.ኤስ.ፒ.ሲ.ኤ. የእንስሳት መርዝ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ888-426-4435 ቀንም ሌሊትም ይመልሳል፤ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል። ስትሄዱ የበላውን ተክል ከነሥሩ ነቅላችሁ በፕላስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ የአማርኛ ስሙን ባያውቀውም ቅጠሉን አይቶ ያውቀዋል።